ስምንት ካሜራ፣ አንድ ሰዓት

ዛሬ ስለ ካሜራና ስለ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነው የማወራው። ቴክኒካል ነው፣ ግን አትሽሹ፤ ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ለትምህርቴ የምሠራው ፕሮጀክት የትልልቅ ሰዎችን እስክስታ ከስምንት አቅጣጫ ባንድ ጊዜ መቅረጽ ነው። ለምን ስምንት? ከፊት ብቻ ካየነው ግማሹ ያመልጠናል። ትከሻው ከኋላ እንዴት እንደሚነሳ፣ አንገቱ እንዴት እንደሚሰበቅ ከጎንና ከኋላ ነው የሚታየው። አንዲት የሰባ ዓመት እናትን ደግሞ «እማማ፣ አሥር ጊዜ ይድገሙልን» አይባልም። የሚያስተምሩን ሰዎች እያረጁ ነው። ስለዚህ ባንድ ጊዜ በደንብ መያዝ አለበት።

ዕቃው ራስበሪ ፓይ ይባላል። የባንክ ካርድ የሚያህል ኮምፒውተር ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የወጣው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ካሜራ ይሰካል፣ ስምንቱም በገመድ ከአንድ ስዊች ጋር ይገናኛሉ። አንዱን ሚሞሪ ካርድ አዘጋጅታችሁ ለሌሎቹ መቅዳት ትችላላችሁ፤ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ስምና ቋሚ አድራሻ ስጡት። ያለዚያ ሁሉም «እኔ ካሜራ አንድ ነኝ» ይሉና ኔትወርኩ ይምታታል። ከዚያ ላፕቶፓችሁ በኤስኤስኤች ስምንቱንም ያዛል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰዓት። እስከ ፓይ 4 ድረስ ያሉት ሲጠፉ ሰዓት የሚቆጥርላቸው ባትሪ የላቸውም፤ ሲበሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚወስዱት። ኢንተርኔት በሌለበት አዳራሽ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሰዓት ይዞ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱን አለቃ አድርጉት፣ ሰባቱ ክሮኒ በሚባል ፕሮግራም ይከተሉት። ልክ ከበሮውን አንድ ሰው ሲመታ ሌላው እንደሚከተለው። በገመድ ከሆነ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይወርዳል። በዋይፋይ ግን መዘግየቱ ስለሚለዋወጥ አትመኑት።

ትእዛዙም «አሁን ቅረጹ!» መሆን የለበትም። «ልክ 10:15:30 ሲሆን ጀምሩ» በሏቸው። አንዱ ጋ ትእዛዙ ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ ጊዜው ገና ስለሆነ ችግር የለም።

እንደዚያም ሆኖ ፍጹም አይሆንም። በሰከንድ 30 ምስል ሲነሳ በሁለት ምስሎች መሃል 33 ሚሊሰከንድ አለ። የሁለት ካሜራ ምስሎችን በሰዓታቸው ስናጣምር እስከ 17 ሚሊሰከንድ ሊለያዩ ይችላሉ። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ትከሻ በዚያች ቅጽበት 1.7 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ወደ 60 ምስል ከፍ ካደረጋችሁት ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ደግሞ በ2023 የወጣው ግሎባል ሹተር ካሜራ አለ፤ እሱ በገመድ በሚላክ ምልክት ባንድ ላይ ይነሳል።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የብርሃን፣ የቀለምና የፎከስ አውቶማቲኩን አጥፉ፤ ያለዚያ ስምንት ዓይነት ቀሚስ ይወጣላችኋል። ሁለተኛ፣ ጭፈራው ሳይጀመር ለሁሉም ካሜራ በሚታይ ቦታ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፣ በኋላ ልዩነቱን ታዩበታላችሁ። ሦስተኛ፣ ቪዲዮው እዚያው ፓይ ላይ ይቀመጥ፤ ግን ዕቃውን ሳትሰበስቡ ሁለት ቦታ ገልብጡት።

ከቀረጻው በፊት ደግሞ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ፣ ሲያልቅም መጀመሪያ ለእነሱ አሳዩ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ። ያላ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።