ስለ ክትክታ ቅጠልና ስለ ፍላቮኖይድ አለካክ

ክትክታ ከሰቆጣ ደጋ አንሥቶ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ እስከሚያዘቀዝቀው እስከ ሰሃላ፣ በሌላውም የኢትዮጵያ ተረተር በብዛት የሚገኝ ቍጥቋጦ ነው። እንጨቱ ለማገዶና ለመሣሪያ እጀታ ያገለግላል፤ ቅጠሉም ተወቅጦ ለቍስልና ለቆዳ በሽታ መድኃኒት ይሆናል። የባህል ሐኪሙ መስፈሪያ ጭብጥ፣ የቤተ ሙከራው ግን ሚሊግራም ስለ ሆነ፣ አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያስረዳ መመርመር ይገባል።

ፍላቮኖይድ ዕፀዋት የሚያዘጋጁት የንጥረ ነገር ወገን ሲሆን፣ አንዳንዶቹ የቫይረስን መራባት በቤተ ሙከራ መግታታቸው ታውቋል። ልካቸውን ለማወቅ የደረቀው ቅጠል በሜታኖል ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ አሉሚኒየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ብጫ ቀለም ይወጣል፤ የቀለሙም ድምቀት በ415 ናኖሜትር ብርሃን ተለክቶ መጠኑ ከታወቀ ኬርሰቲን ጋር ይነጻጸራል።

ነገር ግን ይህ አለካክ ለሁሉም እኩል አይፈርድም። ከኢትዮጵያ ክትክታ ቅጠል ተለይቶ የወጣው ፒኖሴምብሪን በዚህ ብርሃን እምብዛም አይታይም፤ ስለዚህ የቍጥሩ ማነስ የንጥረ ነገሩን ማነስ አያረጋግጥም። ቍጥሩ ቢበዛም ቫይረስን መከላከሉን አያስረዳም፤ ይህ የሚታወቀው በቫይረስ በተያዘ ሕዋስ ላይ ተፈትኖ፣ ሕዋሱንም የማይጎዳ መሆኑ ሲታይ ነው፤ ይህም ቢሆን በሰው ላይ ለመፈወሱ ገና ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህም በላይ በሜታኖል የሚሟሟው ሁሉ በውሃ አይሟሟም። ስለሆነም ተመራማሪው ከመለካቱ አስቀድሞ ቅጠሉ መቼ እንደሚቀነጠስ፣ በምንም እንደሚለወስ ከባህል ሐኪሙ ጠይቆ ሊጽፍ ይገባዋል፤ ያለዚያ የተለካው የኬሚስቱ ጭማቂ እንጂ የሰሃላ መድኃኒት አይሆንም።