ሳንቲሙ ላይ ያለችው መስመር ጭረት ላትሆን ትችላለች

ዱራሜም ሆነ ሆሳዕና፣ አያቶች ቤት ሣጥን ሥር የድሮ ሳንቲም አይጠፋም። በአንድ ፊቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ በሌላው አንበሳ ያለበት፣ ጠቆር ያለ የመዳብ አምስት ወይም አስር ሳንቲም። ካገኛችሁ ወደ መስኮት ጠጋ በሉና አዘንብላችሁ እዩት። አንዳንዱ ላይ ከጠርዙ ተነስታ ፊደሎቹን አቋርጣ የምታልፍ ቀጭን መስመር አለች። ብዙ ሰው «ተጭሯል» ብሎ ያልፋታል። ጭረት ግን ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው። መስመሯ ወደ ላይ ያበጠች ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የተጎዳው ሳንቲሙ ሳይሆን ሳንቲሙን ያተመው ብረት ነው።

ጉዳዩ ያስቸግራል? ምጣድ አስቡ። ምጣድ ሲሰነጠቅ ሊጡ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የበሰለውን ቂጣ ገልብጣችሁ ስታዩት ሆዱ ላይ ከፍ ያለች ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ። ምጣዱ ላይ ጎድጓዳ የሆነው ቂጣው ላይ ጉብታ ይሆናል። በዚያ ምጣድ የሚጋገር ቂጣ ሁሉ ያቺኑ መስመር ይዞ ይወጣል። እሳቱ እየደጋገመ ሲመታው ደግሞ ስንጥቁ ይረዝማል እንጂ አይድንም።

ሳንቲምም እንደዚሁ ነው። ክብ የመዳብ ዝርግ በሁለት የብረት ማኅተሞች መሃል ይገባና በአንድ ምት ይጨፈለቃል። ማኅተሙ ምስሉን ግልብጥ አድርጎ ይዟል። መዳቡ በጉልበቱ ብዛት እንደ ሊጥ ፈሶ ማኅተሙ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል፤ ስንጥቁንም ጭምር።

ማኅተሙ ለምን ይሰነጠቃል? ብረቱ ለስላሳ ቢሆን ምስሉ ቶሎ ይደፈጠጣል። ስለዚህ አግለው ድንገት በማቀዝቀዝ ያጠነክሩታል። የጠነከረ ብረት ግን እንደ ሸክላ ይሆናል፤ ከመታጠፍ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ሽቦ በእጃችሁ እያጠፋችሁ ስታቃኑት አንዱ መታጠፍ ምንም አያደርገውም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን በጥስ ይላል አይደል? መሐንዲሶች ይህንን የብረት ድካም ይሉታል። ማኅተሙም ከእያንዳንዱ ምት በትንሹ ይለጠጥና ይመለሳል። ድካሙ የሚጀምረው ጉልበቱ በሚከማችበት ቦታ ነው፦ የፊደል ሹል ጥግ ወይም የጠርዙ ዙሪያ። የጠርዙ ቁራጭ ጭራሽ ተገንጥሎ ከወደቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚታተሙት ሳንቲሞች እዚያ ቦታ ላይ ፊደልም ምስልም የሌለበት እብጠት ይኖራቸዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ስንጥቅ ስለማይድን፣ ስንጥቅ የሌለው ሳንቲም መጀመሪያ፣ አጭር መስመር ያለው ቀጥሎ፣ ረጅሙ ከዚያ በኋላ ታትሟል። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሦስት ሳንቲሞች ያለ ምንም ጽሑፍ ተራቸውን ይነግሯችኋል።

ለእኛ ሳንቲሞች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተጻፈባቸውን ዓመት ማመን አይቻልማ! የመዳብ ሳንቲሞቹ ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ተብሎ ተቀርጿል። አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው ግን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነበር። መጀመሪያ ፊላደልፊያ፣ አሜሪካ ታተሙ፤ በኋላ እንግሊዝ አገርም ታትመዋል። ንጉሡ ከሥልጣን እስከወረዱበት ዘመን ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ አንድ ሳንቲሙ 1936 እንዳለ ቀጠለ። ለነገሩ አያቶቻችን ለዚህ አዲስ አልነበሩም። ጠገራው ማርትሬዛ ላይ የተጻፈው 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት። እሱ ግን ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ በተለያዩ ከተሞች ሲታተም ኖሯል።

ፊላደልፊያን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1793 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን የመዳብ ሳንቲሞቹን ያተመው እዚያው ከተማ ነበር። ያኔ ፊደሎቹን ማኅተሙ ላይ አንድ በአንድ በእጅ ይመቱ ስለነበር ሁለት ማኅተም አይመሳሰልም። ብረቱም ደካማ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ይሰነጠቅ ነበር። ሰብሳቢዎች በዚህ ተማርከው እያንዳንዱን ጥንድ ማኅተም በቁጥር መዘገቡት። ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የሰጣቸው ቁጥሮች ዛሬም ይሠራሉ። ደስ የሚለው ዘዴያቸው ይህ ነው፦ የፊትና የጀርባ ማኅተሞች አብረው አይሞቱም። አንዱ ተሰብሮ ሲቀየር የቆየው ከአዲሱ ጋር ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች በጋራ ማኅተማቸው ይያያዛሉ፣ ሦስተኛው ይቀጠላል፣ ሰንሰለት ይሆናል። የአክሱም ሳንቲሞችም በዚህ መንገድ ይጠናሉ። አንዳንድ የአክሱም ነገሥታት ከሳንቲማቸው በቀር ሌላ ምንም ዱካ የላቸውም፤ ማን ማንን ተካ የሚለው ጥያቄ በዚህች ትንሽ ብረት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

የእኛ የ1936 ሳንቲም በዚህ በኩል ከባድ ነው፤ አልዋሻችሁም። ማኅተሞቹ ከአንድ እናት ቅርጽ የተባዙ መንትዮች ናቸው፣ ብዛታቸውም የትየለሌ። ስንጥቁ ዓመቱን አይነግራችሁም። መንትዮቹን ለመለየት የሚረዳችሁ ግን ቁስላቸው ነው፤ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት መስመር ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች ካገኛችሁ ከአንድ ማኅተም ወጥተዋል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን ከልባችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ሳንቲሙን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አታሹት። ያቺ መስመር ከፀጉር የቀጠነች ልትሆን ትችላለች፤ አንድ ጊዜ ካሻችኋት የለችም። ለስላሳ ጨርቅና ንጹህ ውሃ ይበቃል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። ሁለተኛ፣ «ስንጥቅ ያለበት ሳንቲም በሚሊዮን ይሸጣል» የሚላችሁን ሰው ኮሚሽን ከመክፈላችሁ በፊት ተሰናበቱት። የማኅተም ስንጥቅ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ላይ ብዙም አይጨምርም። በተቃራኒው ደግሞ ለቆራሌው በኪሎ መስጠትም ያሳዝናል።

መሞከር ከፈለጋችሁ ስልካችሁ ይበቃል። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጉ፣ ከሳንቲሙ አጠገብ ማስመሪያ አኑሩ፣ ሁለቱንም ፊት አንሱ። የክፍል ጓደኞቻችሁ የቤታቸውን ሳንቲም ያምጡና ተመሳሳይ መስመር ፈልጉ። የ1936ቱ ከጠፋ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሱት 1969 የሚል የተጻፈባቸው ስሙኒና ሽልንጎች ለመጀመር ይሆናሉ፤ እነሱ በየቤቱ አሉ።