ፈጣን ንድፍ በጊዜ ገደብ፦ የቤት ውስጥ ዕቃዎች ለሠልጣኝ መምህራን የሥዕል ልምምድ

አንድ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል በሚሠራበት ጊዜ ጀርባውን ለተማሪዎቹ ይሰጣል። ሥዕሉ በሁለት ደቂቃ ከተጠናቀቀ ክፍሉ በጉጉት ይጠብቀዋል፤ አሥር ደቂቃ ከፈጀ ግን ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ትምህርቱ ይበተናል። ስለዚህ ለመምህር የሚያስፈልገው የሥዕል ችሎታ ፈጥኖ መንደፍ ነው።

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ አካባቢ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነዋል። አማርኛና እንግሊዝኛ ለብዙ ሕፃናት አዲስ ናቸው። አዲሱ ቃል ሕፃኑ በቤቱ ከሚያውቀው ዕቃ ሥዕል ጋር ከቀረበለት ግን ትርጉሙን ራሱ ያገኘዋል።

ዓላማው

ጊዜ የሚገደበው ሠልጣኙ እንዲቸኩል ሳይሆን እንዲመርጥ ነው። በሁለት ደቂቃ ሁሉንም መሣል ስለማይቻል ጀበናን ጀበና የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ለመወሰን ይገደዳል። ሆዱ፣ አንገቱና እጀታው ከተገኙ ሌላው ሊቀር ይችላል። በኒውዮርክ ያስተምር የነበረው ኪሞን ኒኮላይደስ በ1941 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ፈጣን ንድፍን የሥዕል ሥልጠና መነሻ ያደረገው ዓይንና እጅ አብረው እንዲሠሩ በመሻት ነው። «ሥዕል አይሆንልኝም» የሚል ሠልጣኝም በ30 ሰከንድ ማንም አሳምሮ ሊሥል እንደማይችል ሲረዳ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

አፈጻጸሙ

አንድ ጀበና በሁሉም ፊት ይቀመጣል። ሠልጣኞች መጀመሪያ በ30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ1፣ በ2ና በ5 ደቂቃ ያንኑ ዕቃ ደጋግመው ይነድፋሉ። ላጲስና ማስመሪያ አይፈቀድም፤ ያገለገለ ወረቀትና ከምድጃ የወጣ ከሰል ይበቃል። ቅደም ተከተሉም፦

ሀ) የዕቃውን ቁመት የሚያሳይ ቀጭን መስመር፤
ለ) ትልቁ ቅርጽ፣ ማለትም ሆዱ፤
ሐ) አንገቱና አፉ፤
መ) እጀታው፤
ሠ) ጊዜ ከተረፈ ጥላው።

ከዚህ በኋላ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ምጣድ፣ እንዲሁም በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይቀርባሉ። በመጨረሻ ወደ ሰው እንቅስቃሴ ይታለፋል። እንሰት የምትፍቅ ሴት ዘንበል ባለ ሳንቃ ፊት ተቀምጣ፣ የእንሰቱን ቁራጭ በአንድ እግሯ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። እዚህ ላይ የመጀመሪያው መስመር ከራስ ተነሥቶ በጀርባዋ በኩል እስከ ወገቧ ይወርዳል፤ ሁለተኛው የክንዷን ግፊት ይከተላል። ፊቷ ባይሣልም ሥራዋ ይታወቃል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

አንደኛው ከእጀታው ወይም ከጌጡ መጀመር ነው፤ ትልቁ ቅርጽ ቦታ ያጣል። ሁለተኛው በፍርሃት የተቆራረጡ ጭረቶችን መደራረብ ነው። ሦስተኛው የሙቀጫውን አፍ ክብ አድርጎ ታችኛውን ጠርዝ በቀጥታ መስመር መዝጋት ነው። ሁለቱም ክብ በመሆናቸው ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ይጎብጣሉ፤ እንዲያውም ከዓይን ይበልጥ የራቀው የታችኛው የበለጠ ይጎብጣል። አራተኛው ዕቃውን ሳያዩ ከልማድ መሣል ነው፤ ዓይን ከወረቀቱ ይልቅ በዕቃው ላይ ሊቆይ ይገባል።

ምዘናና ማጠቃለያ

ንድፉ የሚመዘነው በውበቱ አይደለም። ለአንድ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ሲታይ ሕፃኑ ሳያመነታ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስሙን ከጠራው ንድፉ ተሳክቷል። ካመነታም የጎደለውን መርምሮ እንደገና መንደፍ ያስፈልጋል።

ልምምዱ በወረቀት ላይ ማብቃት የለበትም። በወረቀት ላይ አንጓ ይሠራል፤ በሰሌዳ ላይ ግን ከትከሻ ጀምሮ መላው ክንድ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በጠመኔ በሚሠራ የሁለት ደቂቃ ንድፍ ቢዘጋ፣ ሠልጣኙ ነገ በክፍሉ ፊት ሲቆም እጁ አያመነታም፤ ተማሪዎቹንም ለረጅም ጊዜ ጀርባ አይሰጥም።