በሰንሰለት የታሰረው ውሻ ስለ ምን ይናከሳል?

ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ የሚገባ መንገደኛ፣ ትቶት የሄደውን ከተማ ስም እዚያው መልሶ ያገኘዋል። ከሐርጌሳ ሰፈሮች አንዱ ጅግጅጋ ያር ይባላልና፤ «ያር» በሱማልኛ ትንሽ ማለት ስለሆነ የሰፈሩ ስም «ትንሿ ጅግጅጋ» እንደ ማለት ነው። ለሥራ ወይም ለንግድ ወደዚያ ሄዶ ቤት የሚከራይ ኢትዮጵያዊ፣ ጓዙን ካራገፈ በኋላ ስለ ግቢው ጥበቃ ማሰቡ አይቀርም፤ በአገሩ እንደ ለመደውም ቡችላ አምጥቶ በበሩ ላይ ሊያስር ይፈልግ ይሆናል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ለእንዲህ ያለው ሰውና በአገር ቤትም ውሻ አስሮ ለሚያሳድር ሁሉ ነው።

የሐርጌሳ ሕዝብ እስላም ነው፤ የሚከተለውም የሻፊዒን መዝሀብ ነው። በዚህ ሥርዓት የውሻ ምራቅ ነጂስ ስለሆነ፣ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱም አንዱ በአፈር ነው። ይሁን እንጂ መንጋ ለመጠበቅ፣ ሰብል ለመጠበቅና ለአደን ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው። እንግዲህ ውሻ ያለው እንግዳ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። በአዲስ አበባ አንድ ውሻ ከግቢ ወጥቶ የአላፊውን ልብስ በአፉ ቢነካው፣ ሰውየው ደንግጦና ተቆጥቶ ይሄዳል፤ በጅግጅጋ ያር ግን ወደ ሶላት የሚሄደው ጎረቤት ባይነከስም እንኳ ልብሱን ለማጠብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የውሻው ጠባይ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጉርብትና ጉዳይ ነው።

ውሻው የሚከፋው ብዙውን ጊዜ በእኛ አስተዳደግ ነው። ቡችላው ዓይኑን ከገለጠ ብዙም ሳይቆይ ከእናቱ ይለያል፤ ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ይለቀቃል። ሰው እንዳይለምድ ተብሎ በጨለማ ቤት የሚዘጋበት አለ። ጆሮው ከተቆረጠ ይበረታል፣ በርበሬ ከበላ ኃይለኛ ይሆናል የሚሉም አሉ። ጆሮ መቁረጥ ለቡችላው ሥቃይ ነው፤ በርበሬም ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ሁለቱም ጥበቃ አያስተምሩትም። በዚህ ዓይነት ያደገው ውሻ በሰንሰለቱ ጫፍ እየዘለለ ሲጮኽ ጀግና ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ነው። የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ጥርሱን ያወጣል። ሰንሰለቱ መሸሽን ከልክሎት መናከስን ብቻ ትቶለታል።

ይህም በምርመራ የተደገፈ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ቡችሎችን እያሳደጉ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። እንደ እነርሱ አገላለጽ፣ ቡችላ ሰውንና ዓለሙን የሚለምድበት ዋነኛው ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ሌላ ምርመራ፣ እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይቀርባቸው ያደጉ ቡችሎች ሰውን እንደ ዱር አውሬ የሚሸሹ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ «ሰው እንዳይለምድ» ብሎ በጨለማ የሚዘጋ ባለቤት የሚያገኘው ጌታውን ከሌባ የሚለይ ዘበኛ ሳይሆን፣ ሁሉን የሚፈራ እንስሳ ነው።

ስለ ሰንሰለቱም በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱና ያልነከሱ ውሾች ተነጻጽረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ውጤት የታሰረ ውሻ የመናከስ ዕድል ካልታሰረው 2.8 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ፤ ያልተኮላሸ ወንድ ውሻም ከተኮላሸው ይልቅ ተናካሽ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ቀድሞውኑ ክፉ የሆነው ውሻ ስለሚታሰር ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ክርክሩም በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ገና ጥርስ ያላወጣውን ቡችላ ማሰር በዚህ ክርክር አይደገፍም።

ውሻ ሳያስጠነቅቅ ነከሰ ሲባል እንሰማለን። አብዛኛውን ጊዜ አስጠንቅቋል፤ ያላየነው እኛ ነን። አስቀድሞ ፊቱን ያዞራል፣ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። ቀጥሎ ገላው እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከዚያም ያጉረመርማል። ጅራት መቁላትም ሁልጊዜ የወዳጅነት ምልክት አይደለም፤ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ ገላውን አድርቆ የሚቆላ ውሻ ሊናከስ ይችላል። ባለቤቱ ሲያጉረመርም የመታው ውሻ የሚማረው አለማጉረምረምን ብቻ ነው፤ ፍርሃቱ ግን በውስጡ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያለ ድምፅ ይናከሳል። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ውሾቻቸውን መምታትን ወይም መርገጥን ከሞከሩት ባለቤቶች ከመቶ 40 በላይ የሚሆኑት ውሻው በቁጣ እንደ መለሰላቸው ተናግረዋል። «ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» እያሉ ዱላ ለሚያነሡ ሁሉ ይህ ቍጥር ሊያሳስባቸው ይገባል።

ታዲያ የከፋውን ውሻ እንዴት እናቅናው? ከሁሉ በፊት ሐኪም ይየው። ጆሮው የቆሰለ፣ መዥገር የወረረው ወይም እግሩን የሚያመው ውሻ ሲነኩት ቢቆጣ ጠባዩ ነው አይባልም። ከዚያም ሰንሰለቱ ይውረድ፤ ግቢው በደንብ ይታጠር፣ በሩም የሚዘጋ ይሁን። አጥር ለሌለው ሰው ሁለት ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መወጠርና ማሰሪያው በሽቦው ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ማድረግ ከአጭር ሰንሰለት ይሻላል፤ ጥላና ውሃ ግን አይጉደልበት። ጠዋት ሰው ሳይበዛ በማሰሪያ ይዞ ማንሸራሸርም ይጠቅማል።

ቀጥሎ እንግዳን የማስለመድ ሥራ ይመጣል፤ ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ወዳጅህ ከሩቅ ይቁም፤ ውሻው አይቶት ገና ሳይቆጣ፣ አንተ ትንሽ የሥጋ ቍራጭ ስጠው። በሐርጌሳ የግመል ሥጋ አይጠፋምና ከዚያው የጣት ጥፍር የሚያህል እየቆረጡ መያዝ ነው። ወዳጅህ ሲሄድ ሥጋውም ይቅር። በሚቀጥሉት ቀናት ወዳጅህ አንድ አንድ እርምጃ ይቅረብ። ውሻው ከጮኸ ቀርቦ ነበርና ወደ ኋላ ይመለስ፤ ዱላ ግን አይነሣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሻው እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ ወደ አንተ እጅ መመልከት ይጀምራል፤ ይህም ሥራው እየያዘ ለመሆኑ ምልክት ነው። ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ምግብን ከድምፅ ጋር አቈራኝቶ ውሻ በድምፁ ብቻ ምራቁ እንዲወርድ ያደረገበት ዘዴ ከዚሁ የሚገናኝ ነው። እስኪለምድ ድረስ በመንገድ ላይ አፉን የሚይዝ መሸፈኛ ማድረግ ነውር የለውም።

በምግቡ ላይ የሚቆጣውንም ውሻ ሳህኑን በመንጠቅ ሳይሆን፣ በአጠገቡ ስታልፍ የተሻለ ቍራጭ በመጣል አስለምደው። ሕፃናት ግን በሚበላበትና በሚተኛበት ጊዜ ፈጽመው አይቅረቡት፤ ሳይታዩም ከውሻ ጋር ብቻቸውን አይተዉ።

ጥበቃው እንዳይላላ የሚሰጋ ቢኖር፣ ከዘበኛ ውሻ የሚፈለገው ጩኸቱ መሆኑን ያስብ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ አባቶች የተናገሩት ስለ መጮኹ ነው። በገጠርም ጥሩው የበግ ጠባቂ ከመንጋው ጋር ከቡችልነቱ ጀምሮ ያደገው ነው፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ የጎረቤት ልጅ ሲመጣ ዝም ይላል። ውሾቹ ይጮኻሉ ግመሎቹም ይሄዳሉ ይባል የለም? ግመሉ በሰላም ይለፍ፤ ጩኸቱ ሥራውን ይሠራል።

ለባለሥልጣኖችና ለባለቤቶች አንድ የሕግ ነገር እናስታውስ። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» የሚለው መልስ አያድንም ማለት ነው።

ለማዳ የነበረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ ያለ ምክንያት ቢናከስ ወይም በተቃራኒው ጥግ ይዞ ቢፈዝ፣ ይህ የጠባይ ነገር አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ውሃ መፍራት የሚታየው በታመመ ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ «ውሃ ጠጥቷልና ጤነኛ ነው» ማለት ያሳስታል። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶ 99ኙም የሚያዘው ከውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። በባሌ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003 ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። መድኃኒቱ አስቀድሞ መከተብ ነው፤ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይደገምለታል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል።

የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ጠበል ለመሄድ የሚሻ ይሂድ፤ ክትባቱን ግን አስቀድሞ ይውሰድ። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ ወዲያው አይገደል፤ ከሰው ተለይቶ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቢታመም ወይም ቢሞት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። ውሻው 10ኛውን ቀን በጤና ካለፈ ሐኪሙ የሰውየውን ክትባት ሊያቋርጥለት ይችላል፤ ሰንሰለቱን ስለ ማውረድና እንግዳ ስለ ማስለመድ የተጻፈውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሠራበት ይቻላል።