ለጥርጣሬው የብቻው ደብተር የሰጠው ደራሲ

እ.ኤ.አ. በ1938 ሎስ ጋቶስ፣ ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ ጠረጴዛው ፊት ሲቀመጥ በቀጥታ ወደ ልቦለዱ አይገባም ነበር። መጀመሪያ የሚጽፈው የሥራ ማስታወሻውን ነው። ትናንት የት እንዳቆመ፣ ዛሬ የትኛውን ክፍል እንደሚጀምር፣ የሰፈሩ ጫጫታና የመዶሻ ድምፅ እንዴት እንዳስመረረው እዚያ ላይ ያሰፍራል። በመሀል ደግሞ ከባዱ ነገር ይመጣል፦ ደራሲ የመሆን ችሎታ እንደሌለው፣ እስከዛሬም ራሱንና ሰውን ሲያታልል እንደኖረ ይጽፋል።

ይህን የሚለው ጀማሪ እንዳይመስላችሁ። «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» የተባለው ሥራው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታትሞ በሰፊው ተነቧል፤ በቴአትር መልክም ብሮድዌይ ላይ ታይቷል። ያን ጊዜ በእጁ የነበረው ረቂቅ ደግሞ ከኦክላሆማ ተፈናቅሎ የእርሻ ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደድ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በኋላ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ተብሎ ዓለም ያወቀው መጽሐፍ።

ብዙ ጸሐፊ «ትንሽ በራሴ ልተማመንና እጀምራለሁ» እያለ ዓመታት ያልፉታል። ስታይንቤክ መተማመኑን አልጠበቀም። ስጋቱን ማስታወሻው ላይ አራግፎ ወደ ረቂቁ ይዞራል፤ በቀን ወደ 2,000 ቃላት መጻፍ ግቡ ነበር። የመጽሐፉን ግዝፈት ባሰበ ቁጥር ፍርሃት ስለሚይዘው፣ የዛሬውን ድርሻ ብቻ እንዲያይ ራሱን ደጋግሞ ያሳስባል።

ጊዜውም አልተመቸውም። እንግዳ ይመጣል፣ የቤት ግዢ ጣጣ ይነሣል፤ ይባስ ብሎ በመሀሉ አሳታሚው ከሰረ። እሱ ግን በሜይ መጨረሻ የጀመረውን ሥራ ኦክቶበር 26 ቀን ጨረሰው። አምስት ወር ገደማ፣ 200 ሺህ ያህል ቃላት፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ። ያችን ደቃቅ ጽሕፈት እያነበበች በታይፕ የገለበጠችው ባለቤቱ ካሮል ናት፤ የመጽሐፉን ርእስ ያወጣችውም እሷው ነበረች። መጽሐፉ በ1939 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ሁሉ ውሸታም አይደለም። ስታይንቤክ ይህን ልቦለድ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያዋ ሳሊናስ የተደረገውን የሰላጣ ሠራተኞች አድማ ተንተርሶ አንድ የፌዝ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሲያየው አላማረውም። ሰው ሰውን እንዲረዳ መጻፍ ሲገባው፣ ግማሽ እውነት ይዞ ጥላቻ የሚያጭር ነገር እንደሠራ ተሰማው። ለማሳተም ቸኩሎ አላወጣውም፤ አጠፋው።

ሁለቱን የጥርጣሬ ድምፆች አስተያዩአቸው። አንደኛው «ይህ መጽሐፍ እዚህ ጋ ሐቀኛ አይደለም» ይላል። ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ አለው፤ ስለዚህ ይታረማል፣ ካልሆነም ይጣላል። ሌላው «አንተ ደራሲ አይደለህም» ይላል። የትኛው ገጽ፣ የትኛው አንቀጽ ብትሉት መልስ የለውም። ስታይንቤክ የመጀመሪያውን እንደ አርታኢ ሰማው፤ ሁለተኛውን ማስታወሻው ላይ አስቀምጦት ሥራውን ቀጠለ።

በ1951 «ኢስት ኦፍ ኤደን»ን ሲጽፍም ያው ልማድ አልለቀቀውም፤ መልኩን ብቻ ቀየረ። ትልቅ ደብተር ገልጦ በግራው ገጽ ለአርታኢው ለፓስካል ኮቪቺ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በቀኙ ልቦለዱን። ግራው ገጽ የማይሸከመው ነገር የለም፦ የቤት ወሬ፣ ድካም፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ያለው ሐሳብ፣ ሌላው ቀርቶ ባለ ማእዘን እርሳስ ጣቱን ስለሚጎዳው ክብ እርሳስ እንደሚሻለው። እጁም አእምሮውም በግራው ገጽ ሲፍታቱ ወደ ቀኙ ይሻገራል።

በ1962 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ጋዜጠኞች «ይገባኛል ትላለህ?» ብለው ጠየቁት። በግልጽ «አይመስለኝም» የሚል መልስ ሰጠ። የዓለም ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት እንኳ ያን የቆየ ጥርጣሬ ከውስጡ አልነቀለውም። ያ ሁሉ መጽሐፍ የተጻፈው ግን ጥርጣሬው አብሮት እያለ ነው።

የጀመራችሁት ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ ነገ ስትቀመጡ ሌላ ደብተር ከጎኑ አድርጉ። የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ አሥር ደቂቃ ያህል እዚያ ላይ ጻፉ፤ ማንም አያነበውም፣ ፊደል ማረምም አያስፈልግም። ከጻፋችሁት ውስጥ ገጽና አንቀጽ ጠቅሶ የሚናገር ትችት ካለ አስምሩበት፤ ለእርማት ይጠቅማችኋል። የቀረውን እዚያው ተዉትና የዕለቱን ድርሻ ጀምሩ። ድርሻው 2,000 ቃላት መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽም ይበቃል።