ሐኪሙ «ሌላስ?» ሲል

እንግሊዝኛን በክፍል ውስጥ የተማረ ሰው አንድ ሕግ አይጠፋውም። «ሰም» (some) ለአዎንታ፣ «ኤኒ» (any) ለአሉታና ለጥያቄ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል፣ በፈተና ቀን «ክፍት ቦታውን ሙላ» ተብሎ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጨነቅበትም። ሕጉ ግን ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ምን ያህል ክብደት እንዳለው እስኪታወቅ አርባ ዓመት ገደማ ወስዷል፤ የታወቀውም በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በሐኪም ቤት ነው።

በ1969 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሮቢን ሌኮፍ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልሳን ምሁር «ላንጉጅ» በሚባለው መጽሔት ላይ ስለ «ሰም» እና «ኤኒ» አንድ ጽሑፍ አወጣች። ሕጉ አይሠራም አለች። ለእንግዳው ሻይ የሚያቀርብ እንግሊዛዊ ጥያቄ እየጠየቀ ነው፤ ሆኖም በጥያቄ ውስጥ «ኤኒ» ይግባ የሚለውን ሕግ ትቶ «ሰም» ይላል። ለምን? እንግዳው «እሺ» እንዲለው ስለሚፈልግና ይላል ብሎም ስለሚጠብቅ ነው። ምርጫውን የሚወስነው የዓረፍተ ነገሩ ዓይነት ሳይሆን የጠያቂው ልብ ነው። «አዎ» የሚል መልስ የሚጠብቅ ሰው «ሰም» ይላል፤ የሚጠራጠር ወይም «የለም» ቢባል ደስ የሚለው ደግሞ «ኤኒ» ይላል። የጠያቂው ጥርጣሬ፣ እሱ ራሱ ሳያውቀው፣ ከአንዲት አጭር ቃል ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ይህ የቋንቋ ሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ግን በዚያው ዘመን፣ በሌላ መንገድ፣ ሌሎች ሰዎችም ወደዚያው ነገር እየተጠጉ ነበር። በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም እያሳየች ስላዩት ነገር ትጠይቃቸው ነበር። በ1975 ከጊዶ ዛኒ ጋር ባወጣችው ጥናት ለአንዳንዶቹ «የተሰበረ የፊት መብራት አይታችኋል?»፣ ለሌሎቹ «የተሰበረውን የፊት መብራት አይታችኋል?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። በእንግሊዝኛው ልዩነቱ የ«ኤ» (a) እና የ«ዘ» (the) ብቻ ነው። በፊልሙ ላይ የተሰበረ መብራት ባልነበረበት ጊዜ እንኳ «የተሰበረውን» ተብለው ከተጠየቁት 15 በመቶው አይተናል አሉ፤ «የተሰበረ» ከተባሉት ግን 7 በመቶው ብቻ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ስለ «አላውቅም» የተገኘው ነው። ጠያቂው እርግጠኛ መስሎ ሲጠይቃቸው «አላውቅም» የሚሉት ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ተጠያቂዎቹ የራሳቸውን ጥርጣሬ ጥለው የጠያቂውን እርግጠኝነት ወሰዱ።

ሦስተኛው መንገድ የሚነሣው ከሎስ አንጀለስ ነው። ሃርቪ ሳክስ የተባለ ወጣት የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች የሚደውሉበት ማዕከል ውስጥ የስልክ ንግግሮችን ያዳምጥ ነበር። ሠራተኛው ስልኩን አንሥቶ ስሙን ሲናገር ደዋዩም በልማድ ስሙን ይመልሳል፤ አንድ ደዋይ ግን «አልሰማሁህም» አለ። ሠራተኛው ስሙን ደገመለት፤ ሰውዬው ግን የራሱን ስም ሳይሰጥ ንግግሩ ቀጠለ። ሳክስ እዚያች ላይ ቆመ። ስም መናገር ለካ ስም መጠየቂያ ነው፤ «አልሰማሁህም» ማለት ደግሞ ጥያቄውን ሳይመልሱ ማለፊያ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ከኢማኑኤል ሼግሎፍና ከጌል ጄፈርሰን ጋር ተራ ወሬን ቃል በቃል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ የሚመረምር የጥናት ዘርፍ መሠረተ። በ1975 በመኪና አደጋ ከመሞቱ በፊት ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ተጠያቂ ሰው ጥያቄው ወዳዘነበለበት አቅጣጫ መመለስን እንደሚመርጥ ነው። አለመስማማት ያዘገያል፣ ያንተባትባል፣ ምክንያት ያስደረድራል። መስማማት ቀላል ነው።

ይህን ጥናት ሐኪም ቤት ድረስ የወሰደው ደግሞ አንድ አሳፋሪ ቁጥር ነው። በ1984 ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን መርምረው፣ ሕመማቸውን ጀምረው እስከ መጨረሻው ለመናገር የቻሉት በሽተኞች 17 ብቻ እንደሆኑ አገኙ። ሐኪሙ የሚያቋርጣቸው በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ነበር። ያልተነገረው ነገር መጨረሻ ላይ፣ በሽተኛው የበሩን እጀታ ይዞ ሊወጣ ሲል ይመጣል፦ «ዶክተር፣ ለነገሩ ደረቴን አንዳንዴ ያመኛል።» የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን አጋጣሚ በደንብ ያውቁታል።

ሐኪሞቹ ግን አልጠየቁም ማለት አይደለም። «ኤኒቲንግ ኤልስ?» ይላሉ፣ ሌላ ነገር አለ ወይ ለማለት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ሄሪቴጅና ባልደረባው ጄፍሪ ሮቢንሰን ያተኮሩት በዚህች ቃል ላይ ነው። በሐኪም አፍ «ኤኒ» የምትገባበትን ቦታ አስቡት፦ ትኩሳት አለ? ትውከት አለ? የመድኃኒት አለርጂ አለ? ሁሉም በ«ኤኒ» የሚጠየቁ፣ ሁሉም «የለም» ቢባል ሁለቱም ወገን እፎይ የሚልባቸው ናቸው። በሽተኛው በዚህ ዜማ ውስጥ እያለ «ኤኒቲንግ ኤልስ?» ሲመጣበት «የለም» ከአፉ ይቀድማል።

ስለዚህ ፈተናውን አዘጋጁ። ከካሊፎርኒያና ከፔንስልቬንያ 20 የቤተሰብ ሐኪሞችና 224 በሽተኞች ገቡበት። በሽተኞቹ ሐኪሙ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ለምን እንደመጡ በወረቀት ይሞላሉ። እያንዳንዱ ሐኪም መጀመሪያ አራት በሽተኞችን እንደ ልማዱ ያያል። ከዚያ ሐኪሞቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፣ አጭር ቪዲዮ ያያሉ፣ በቀጣዮቹ ሰባት በሽተኞች ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ፤ የሚጨምሩትም መጨረሻ ላይ ሳይሆን በሽተኛው ዋና ሕመሙን እንደተናገረ ነው። ግማሾቹ ዛሬ ልንነጋገርበት የሚፈልጉት ሌላ ነገር አለ ወይ ሲሉ «ሰምቲንግ ኤልስ» ይላሉ። ግማሾቹ ሌላውን ሁሉ ሳይለውጡ «ኤኒቲንግ ኤልስ»።

ውጤቱ በ2007 ወጣ። በወረቀቱ ላይ ከአንድ በላይ ችግር ከጻፉት በሽተኞች መካከል «ሰምቲንግ» የተባሉት 90.3 በመቶ አዎ ሲሉ፣ «ኤኒቲንግ» የተባሉት 53.1 በመቶ ብቻ አዎ አሉ። እነዚህ ሰዎች ችግራቸውን ከደቂቃዎች በፊት በገዛ እጃቸው የጻፉ ናቸው። «ሰምቲንግ» ሳይነገሩ ከሚቀሩት ችግሮች 78 በመቶውን አስወገደ። «ኤኒቲንግ» ግን ጨርሶ ካለመጠየቅ የሚለይበት ጉልህ ውጤት አላሳየም። ሐኪሞችን የሚያሳስባቸው የጊዜ ነገርም ታይቷል፤ የቀጠሮው ርዝመት አልተለወጠም፣ በሽተኞቹ በወረቀታቸው ላይ ያልነበረ አዲስ ችግር እየፈለጉ መደርደርም አልጀመሩም።

ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር የሚታዩኝ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በስልክ አስተርጓሚ የሚታከሙ እናቶቻችን ናቸው። ሐኪሙ ሠልጥኖ «ሰምቲንግ» ቢልም፣ ያቺ ቃል በስልክ መስመር ውስጥ አልፋ እኛ ቋንቋ ስትደርስ ምን ሆና ትደርሳለች? አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል የለውም፤ ዝንባሌውን የሚሸከመው በግሡና በጅራቱ ነው። «እማማ፣ ሌላ ነገር የለም አይደል?» ከተባሉ መልሳቸው አስቀድሞ ተሰጥቷል፦ «የለም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» እግራቸው ማበጡን ለልጃቸው የሚነግሯት መኪና ውስጥ ነው። ሰው ማስቸገር ነውር በሆነበት ባህል ያደገ ሰው ለ«የለም» ብዙ ግፊት አያስፈልገውም። በሙያው ያሉ አስተርጓሚዎች «የለም አይደል» የምትለዋን ጅራት ቢጥሏት ትልቅ ነገር ነው። «ሌላም የሚያስቸግርዎት ነገር ይኖራል፣ እስቲ ይንገሩን» ማለት ከሐኪሙ «ሰምቲንግ» ጋር ይቀራረባል፤ ለዚያውም ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ከማሰሩ በፊት፣ ገና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ከተባለ።