የብረት መዋቅር ጉልበቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው

አንድ መጋዘን ወይም ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምሰሶዎቹና አግዳሚዎቹ ወርክሾፕ ውስጥ ተቆርጠውና ተበስተው ይመጣሉ፤ ከዚያ ቦታው ላይ በቡሎን ወይም በብየዳ ይያያዛሉ። እንዲህ ከብረት ክፍሎች ተገጣጥሞ የሚቆመው ግንባታ የብረት መዋቅር ይባላል።

ብረት ለምን ተመረጠ? ኮንክሪት ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ብረት ሁለቱንም ይችላል፤ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ብቻ ሲጫኑት ሊጎብጥ ይችላል። የአግዳሚው ቅርጽም ለውበት አይደለም። ሸክም ሲያርፍበት የላይኛው ጠርዝ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል፣ መሀሉ ያን ያህል አይጨነቅም። ለዚህ ነው ብረቱ ከላይና ከታች በዝቶ መሀሉ የሚሳሳው።

ታዲያ እያንዳንዱ ክፍል ጠንካራ ከሆነ መዋቅሩም ጠንካራ ነው ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። መተላለፊያዎቹ አንዱ ከሌላው በላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም ከጣሪያ በሚወርዱ ወጥ ዘንጎች ላይ፣ በየራሳቸው ዳዶ ይያዙ ነበር። በኋላ ግን ሥራውን ለማቅለል ዘንጎቹ ለሁለት ተከፈሉና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው አግዳሚ ላይ ተንጠለጠለ።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል እንበል። ሁለቱም ገመዱን ከያዙ እያንዳንዱ የሚችለው የራሱን ክብደት ነው። የታችኛው ሰው ገመዱን ለቅቆ የላይኛውን እግር ቢይዝስ? ገመዱ የሚሸከመው ያው ነው፤ የላይኛው ሰው እጅ ግን የሁለት ሰው ክብደት ይወድቅበታል። ካንሳስ ሲቲም የሆነው ይኸው ነው። ዘንጉ አልተበጠሰም፤ ዳዶው የላይኛውን አግዳሚ ቀዶ ሾለከ። ምርመራው እንዳሳየው የመጀመሪያው ንድፍም የከተማውን የግንባታ ሕግ አያሟላም ነበር፤ ለውጡ ደግሞ አባባሰው።

ስለዚህ የብረት ሥራ ስታሠሩ ስለ ብረቱ ውፍረት ብቻ አትጠይቁ። ስንት ቡሎን ታዟል? ስንቱስ ገባ? ብየዳውን ማን ፈተሸው? ሥራ ቦታ ላይ «ያው ነው፣ በዚህ ይተካ» ሲባል ደግሞ ቶሎ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ እንደገና ያስላው።